ሩሑ ሄዷል ያልነው ሰው



ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት የሩሕንና የገላን ነገር ነው። ሊቃውንት ከሺህ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ወደዚህ ጥያቄ የገባሁት በኪታብ በር ሳይሆን በአባቴ አልጋ በኩል ነው። ስለሆነም ከኪታቡ በፊት የአልጋውን ወሬ አስቀድማለሁ።

አባቴ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ተነስተው በአሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ገበሬዎች አንዱ ናቸው። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቆላው ሳይለምደን፣ ወባው ሳይምረን፣ አላህ አኖረን። አባቴ ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ ሆኖም እኔን ቁርኣን እንድቀራ ኸልዋ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። በዚህ አካባቢ የቁርኣን ትምህርት ቤትን እንደ ሱዳኖቹ ኸልዋ እንለዋለን። ማታ ማታ ሎሔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስቀራ፣ ኋላም ፊቅህ ስጀምር ትምህርቴን በዐማርኛ እየተረጎምኩ ስደጋግም፣ አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሞፈር እንጨት እየጠረቡ ያዳምጡኝ ነበር። ዛሬ እኔም በተራዬ የሰፈሩን ልጆች አስቀራለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ከረመዳን ማግስት፣ በሸዋል ወር፣ አንድ ጠዋት አባቴ ለሱብሒ ዉዱእ ሊያደርጉ ሲሉ ማንቆርቆሪያው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም ወደቁ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ጎረቤቱ ግማሹ ምች ነው አለ፤ ግማሹ ጅን ነው አለ። ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ስትሮክ ነው፣ ደም ወደ አንጎላቸው ግራ ክፍል መድረስ ተስኖታል፣ ለዚህ ነው ቀኝ ጎናቸውና ምላሳቸው አብረው የተያዙት አለን። ከሳምንታት በኋላ ይዘናቸው ወደ ቤት ተመለስን።

ከአባቴ ንግግር ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ቀርታ ነበር። ውሃ ይጠጡ እንደሆን ሲጠየቁ “አልሐምዱሊላህ” ይላሉ። ሲያማቸው “አልሐምዱሊላህ” ይላሉ። ስሜን እንዲጠሩ ብለምናቸው ዓይን ዓይኔን አይተው “አልሐምዱሊላህ” አሉኝ። መጀመሪያ ላይ ጠያቂው ሁሉ “አላህ ምላሳቸውን በሐምድ አቆየላቸው” እያለ አለቀሰ። ወራት ሲቆጠሩ ግን ቃሉ ለጆሯችን ባዶ እየሆነ መጣ። አንድ ቀን ወንድሜ፣ “ይኼ እኮ እሳቸው አይደሉም። ሩሓቸው ሄዷል፣ የቀረው ገላቸው ነው” አለ።

እኔ ኡስታዝ የምባለው ሰው ምን መለስኩ? ምንም። በልቤ የነበረውም እሱው ነበርና።

ገላቸውን አልበደልንም። እናጥባቸዋለን፣ ገንፎ እናጎርሳቸዋለን፣ ጎናቸው እንዳይቆስል እናገላብጣቸዋለን። ነገር ግን ስለ ማሳቸው በአጠገባቸው ሆነን ተከራከርን። ቢሞቱ የት እንደምንቀብራቸው በራሳቸው ፊት መከርን። ልጆች በአልጋቸው ላይ ተንጠራርተው ዕቃ ሲያነሱ ማንም አልገሠጸም። ማንም ቢሆን “አባባ” ብሎ ጠርቶ መልስ አልጠበቀም።

ለኔ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ፤ ለሰው አልነገርኩትም። ሌሊት ሌሊት እንዲህ እያልኩ እብሰለሰል ነበር፦ “እፍኝ የማይሞላ የረጋ ደም የልጁን ስም ከሰው ላይ መውሰድ ከቻለ፣ ሩሕ የምንለው ነገር የት ነው ያለው? ሐሳብ ማለት እንግዲህ ሥጋ ብቻ ነውን?” ውድ አንባቢ! ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚረዝም አላህ አያሳይህ።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የእህቴ ልጅ አለ። ጭንቀቴን ለእሱ ብቻ ነገርኩት። እሱ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ያገኘውን እየነገረኝ፣ እኔም ከሸይኾቼ የሰማሁትንና ከኪታቦቼ ያነበብኩትን እየጨመርኩ አብረን ቆፈርን። ካገኘነው ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

ኢብኑ ሲና እ.ኤ.አ. ከ980 እስከ 1037 የኖረ ሐኪምም ፈላስፋም ነው። አሽ-ሺፋእ በተባለው ኪታቡ እንዲህ ያለ ምሳሌ አቅርቧል። አንድ ሰው ሙሉ ሆኖ በአንድ ጊዜ ተፈጠረ እንበል። በአየር ላይ ተንሳፏል፤ ዓይኑ ተሸፍኗል፤ ጣቶቹ እንኳ እርስ በርስ አይነካኩም። ምንም አያይም፣ ምንም አይዳስስም። ይህ ሰው እጅና እግር እንዳለው አያውቅም። ሆኖም እሱ ራሱ እንዳለ ያውቃልን? ኢብኑ ሲና አዎን ያውቃል ይላል። እንግዲያውስ “እኔ” የሚለው ነገር ከእጅና ከእግሩ ሌላ ነው ማለት ነው።

ከእሱ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ዴካርት የተባለው ፈረንሳዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አሳቢ ነፍስና ቦታ የሚይዝ ገላ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1643 ግን ኤልሳቤት የተባለች የቦሄሚያ ልዕልት በደብዳቤ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። ነፍስ አካል ከሌላት፣ አካልን እንዴት አድርጋ ትገፋዋለች? የፈለግኩ ጊዜ እጄ የሚነሣው ምን ነክቶት ነው? ዴካርት ደጋግሞ መለሰላት፤ የሚያረካ መልስ ግን አላገኘችም። እኔም ይህን ስሰማ ጥያቄዋ የአባቴ ቀኝ እጅ ጥያቄ ሆኖ ታየኝ።

ሐኪሞችስ? እ.ኤ.አ. በ1861 ብሮካ የተባለ የፓሪስ ቀዶ ሐኪም ስለ አንድ በሽተኛ ጻፈ። ሰውየው ለብዙ ዓመታት “ታን” ከምትል ድምፅ በቀር መናገር አይችልም ነበር። የሚነገረውን ግን አብዛኛውን ይረዳ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ በግራ በኩል፣ ከፊት ለፊቱ ክፍል፣ ተጎድቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች መናገር አንድ ነገር፣ መረዳት ሌላ ነገር እንደሆነ አውቀዋል፤ አንደኛው ጠፍቶ ሌላው ሊቀር ይችላል። ደግሞም ሰው ዕድሜ ልኩን የደጋገመው ቃል፣ ሰላምታ ይሁን ዱዓ፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር መሥራት ሲያቅት ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የአባቴ “አልሐምዱሊላህ” የተረፈችው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ ደነገጥኩ። እኛ የምላስን መዘጋት የልብ መዘጋት አድርገን ቆጥረነው ነበርና!

ከዚያ በኋላ ወደ ኢማም አል-ገዛሊ ተመለስኩ። ኢማሙ በ505 ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1111) ያረፉ ናቸው። በተሃፉት አል-ፈላሲፋ ውስጥ፣ ነፍስ በራሷ የቆመች ነገር መሆኗን በዐቅል ብቻ እናረጋግጣለን ያሉትን ፈላስፎች ማስረጃችሁ አይበቃም ይሏቸዋል። ነፍስን ክደው እንዳይመስላችሁ! ይህን ለማወቅ ከሸሪዓ ውጪ ዐቅል ብቻውን ይበቃል መባሉን ነው የተቃወሙት። በሱረቱል ኢስራእ 85ኛው አንቀጽም ስለ ሩሕ ለተጠየቀው የተሰጠው መልስ ነገሩ የጌታ ጉዳይ መሆኑንና የሰው ዕውቀት ጥቂት መሆኑን የሚያስታውስ ነው። ይህ መልስ ለኔ እረፍት ሆነኝ። ሌሊት የሚያብሰለስለኝ ጥያቄ ለኔ ዐቅል የተመዘነ ሸክም አልነበረም።

ኢማሙ ፈላስፎቹን አጥብቀው ከወቀሱባቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ደግሞ የቂያማ ቀን ሰው በገላው መቀስቀሱን መካዳቸው ነው። ይህን ከድሮም አውቀዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ። ይሁንና ወደ ቤቴ ገብቶ አያውቅም ነበር። እስቲ አስቡት! ገላ የሚጣል ልጣጭ ቢሆን ኖሮ፣ አላህ ስለምን መልሶ ያስነሣዋል?

ውድ አንባቢያን! ይህን ሁሉ አውቄም አባቴን መልሼ አላየኋቸውም። ያሳየችኝ የስድስት ዓመት ልጅ ናት።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ተመረቀ። ግድቡ ያለው በክልላችን፣ ከኛ በአባይ ማዶ በጉባ ነው። ቤታችን በሰው ተሞላ፤ ሁሉም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል። ቴሌቪዥኑ ስለ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ፣ ስለ 13 ተርባይኖች፣ ስለ 5,150 ሜጋ ዋት ያወራል። እኔም መምህር ነኝና ለልጆቹ ምሳሌ አመጣሁላቸው። “አያችሁ፣ ገላ እንደ አምፖል ነው፤ ሩሕ ደግሞ እንደ መብራት ኃይል ነው። አምፖሉ ሲቃጠል ኃይሉ ወደመጣበት ይመለሳል” አልኳቸው። በምሳሌዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

የወንድሜ ትንሿ ልጅ ግን ወደ ጥጉ አልጋ እያየች፣ “አባባን ለምን ግድግዳ ብቻ ታሳዩታላችሁ? እሱም እኮ ግድቡን ይፈልጋል!” አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ፊታቸው ወደ ግድግዳ፣ ጀርባቸው ወደኛ ነበር። እንዲህ ያስተኛናቸው ጠዋት ስናገላብጣቸው ነው። የግድቡ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ፣ አባቴ ከሰሊጥ ሽያጫቸው ቆጥበው ቦንድ ገዝተው ነበር። ወረቀቱን እንዳስቀምጥላቸው የሰጡኝ ለኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ቁርኣኔን በማኖርበት ከረጢት ውስጥ ታጥፎ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድስ እንኳ እሳቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ማዞር አልታሰበውም።

ከወንድሜ ጋር ተጋግዘን አልጋውን አዞርነው። ውሃው በግድቡ ላይ ሲፈስ አባቴ አዩ። ከግራ ዓይናቸው እንባ ወረደ። አንድ ጎረቤት፣ “ይኼ የበሽታው ነው፣ እንዲሁ ይፈሳል” አለ። ሊሆን ይችላል ብዬ ዝም አልኩ። ሆኖም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይኔን ከዓይናቸው ላይ ማንሣት አቃተኝ።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሰው ወደ መስጊድ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። አባቴ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ የዓይናቸውን ቆብ በቀስታ ዝቅ አድርገው ከፈቱት። ቀጥሎ ጥብቅ አድርገው ከደኑት፤ ከፈቱት፤ ደግመው ከደኑት። ቆዩ። አሁንም ዝቅ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ክድን። ሦስተኛም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ዞረ።

ሦስት ረከዓ ነበር።

በሻፊዒያ ፊቅህ የታመመ ሰው የሶላት ምዕራፍ አለ። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል፤ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ፤ ያም ካልሆነለት በጀርባው ተኝቶ በራሱ ምልክት ያደርጋል። ራሱን መነቅነቅ ካልቻለ በዓይኑ ቆብ ይሰግዳል። ይህም ካቃተው የሶላቱን ሥራ በቀልቡ ያሳልፋል። ዐቅሉ እስካለ ድረስ ሶላት አይወርድለትም። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ለተማሪ አስተምሬዋለሁ! አባቴስ ከየት አወቁት? ልጅ ሆኜ በማሾ ብርሃን በዐማርኛ ስደጋግም፣ እሳቸው እንጨት እየጠረቡ ሰምተውት ነው። እኔ ሎሔን በማግስቱ አጥቤ ሌላ ጻፍኩበት፤ በእሳቸው ልብ የገባው ግን አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው አልታጠበም። ኢብኑ ሲና በተንሳፋፊው ሰው ሊነግረኝ የፈለገውን፣ አባቴ በሁለት ዓይናቸው ነገሩኝ።

አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ “አባባ፣ ከሰሙኝ ዓይንዎን አንድ ጊዜ ይክደኑልኝ” አልኳቸው። ከደኑ። “ይህን ሁሉ ጊዜ ሲሰግዱ ነበር?” አልኳቸው። ከደኑ።

ለአምስት ወር ያህል! ዉዱእ ያስደረጋቸው የለም፤ ተየሙም ያስደረጋቸው የለም፤ ወደ ቂብላ ያዞራቸው የለም። ልጃቸው ኡስታዝ ነው፤ ስለ ሩሕ ኪታብ ያገላብጣል! ግንባሬን እጃቸው ላይ አድርጌ፣ “አባባ፣ ዐውፍ ይበሉኝ” አልኳቸው። “አልሐምዱሊላህ” አሉ። ባዶ ቃል ብለን የተውነው ያው ቃል ነው።

ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! እንግዲህ ይህን ታሪክ የነገርኳችሁ አባቴን ለማወደስ፣ ወይም ፈላስፎችን ለመርታት አይደለም። ሁለት ስሕተት በአንድ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ስላየሁ ነው። አንደኛው ሰው ሥጋ ብቻ ነው የሚለው ነው፤ አንጎሉ ሲጎዳ ሰውየውም አብሮ አለቀ ይላል። ሁለተኛው ሰው ሩሕ ብቻ ነው የሚለው ነው፤ ሩሑ ሄዷል፣ ይኼ ልጣጩ ነው ይላል። የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ሽማግሌውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስተኙታል። የኔ የአምፖል ምሳሌም ከዚሁ የወጣች ናት። አምፖል ቢሰበር ይለወጣል፤ ሰው ግን በገላውም በሩሑም አንድ ሰው ነው፤ በሁለቱም ይጠየቃል፣ በሁለቱም ይቀሰቀሳል።

ሶላታችንን እንመልከት። ኒያው በቀልብ ነው፤ ፋቲሓው በምላስ ነው፤ ሩኩዑና ሱጁዱ በገላ ነው። ሸሪዓው የሩሕን ምንነት እስክንፈታ ድረስ አልጠበቀንም፤ ሁለቱንም በአንድ ሰፍ አቆማቸው። አንደኛው ሲደክም የሌላውን አልሰረዘም። ሩሑ ከወጣ በኋላ እንኳ ገላውን እጠቡ፣ ከፍኑ፣ በክብር ቅበሩ ብሎናል። ለሞተው ገላ ይህ ክብር ከተሰጠ፣ በሕይወት ላለው ምን ያህል ይገባዋል?

ከቀደምት ሊቃውንት አቡ ዘይድ አል-በልኺ፣ በ322 ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 934) ያረፉት፣ ስለ ገላና ስለ ነፍስ ጥቅም በጻፉት ኪታብ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርገው አክመዋል። ሰው ከሁለቱ የተሠራ ስለሆነ የአንዱ ሕመም ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሐኪምም ሁለቱን ማየት አለበት የሚል ሐሳብ አላቸው። አምስት ወር ማንም ያላናገረው በሽተኛ ነፍሱ ምን ያህል እንደምትታመም እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

በየቤታችን እንዲህ የተኙ አባቶችና እናቶች አሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስትሮክ ያገኘው ሁሉ እንደ አባቴ ይረዳል አልልም፤ ጉዳቱ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ዐቅሉ ራሱ የተነካም አለ። ቢሆንም ሐኪም ጠይቁ፤ ከጠየቃችሁም በኋላ ተጠንቀቁ። በፊታቸው ስለ ውርስና ስለ ቀብር አትማከሩ። ስማቸውን ጠርታችሁ አናግሯቸው፤ ለመልሳቸውም ጊዜ ስጡ። በዓይን፣ በጣት፣ በትንፋሽ ሊመልሱ ይችላሉ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ንገሯቸው፤ ዉዱእ ወይም ተየሙም አስደርጓቸው፤ ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዙሩ። ያልሰሙ ቢሆን የከሰራችሁት ነገር የለም። ሰምተው ከሆነ ግን፣ ዝምታችሁ ነገ በምን ይመለሳል?

የአባቴ አልጋ ዛሬ ወደ ቂብላ ዞሯል። አዛን ሲሰማ ያቺ ትንሽ ልጅ ለተየሙም የሚሆን ንጹሕ አፈር በሳህን ይዛ ትመጣለች፤ እኔም በእጄ ፊታቸውንና ሁለት እጃቸውን አብሳለሁ። ስለ ግድቡ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሊጡ አወራቸዋለሁ። ቀኝ እጃቸው እስከ ዛሬ አልተነሣም፤ ስሜንም አልጠሩትም። ሩሕ እጅን እንዴት እንደምታነሣ እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልዕልቲቱ የጠየቀችው እንደተጠየቀ ነው። አባቴ ግን አሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሽተኞቻችንን ያሽርልን። በቤታችን ያሉትን እንደሌሉ ከማየት ይጠብቀን። ያጠፋነውንም ዐውፍ ይበለን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።